ከአሮጌ ራዲዮ አካል የሚሠራ የሙዚቃ መሣሪያ ለቅኝት ጥናት ያለው ፋይዳ

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ድምፅን የሚያጠኑ ሁለት ወገኖች አሉ። አንደኛው ወገን ድምፅን በድግግሞሽ፣ በቮልቴጅና በቀመር ይገልጸዋል፤ ሌላው በቅኝት፣ በዜማና በጆሮ ያውቀዋል። የፊዚክስ ወይም የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪ የኦሲሌተርን ጠባይ በፈተና ወረቀት ላይ አብራርቶ ይመረቃል፤ የሙዚቃ ተማሪም ክራሩን በጆሮው እየቃኘ ይመረቃል። ሁለቱ አንድን ነገር እያጠኑ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚገናኙበት አጋጣሚ ግን ጥቂት ነው። የመለያየታቸው ዋጋ በቀላሉ አይታይም፤ ሆኖም ከባድ ዋጋ አለው። በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺሆዬ ውስጥ አንዱ ድምፅ ከሌላው ምን ያህል እንደሚርቅ ነባሩ ተጫዋች በእጁና በጆሮው ያውቃል፤ ዕውቀቱ ሳይለካና ሳይመዘገብ እርሱ ሲያልፍ ግን አብሮት ያልፋል።

ይህ ጽሑፍ የሚያቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ከአንድ የጊዜ መቁጠሪያ ቺፕ፣ ከጥቂት ሬዚስተሮች፣ ከአንድ ካፓሲተር፣ ከ9 ቮልት ባትሪና ከአሮጌ ራዲዮ ከወጣ ስፒከር በእጅ የሚሠራ የሙዚቃ መሣሪያ በድኅረ ምረቃ ምርምር ውስጥ የመለኪያነት ቦታ ሊሰጠው ይገባል። መሣሪያው ክራርን ወይም ማሲንቆን ሊተካ አይችልም፤ እንዲተካም አይፈለግም። አቅሙ ለአንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃል፦ ቅኝት ዐዋቂ ጆሮ እያንዳንዱን ድምፅ የት ላይ ያስቀምጠዋል?

በቁልፍና በጆሮ መካከል

ዛሬ በሠርግ ቤት፣ በምሽት ክበብና በስቱዲዮ የሚሰማው ቅኝት በአብዛኛው በኪቦርድ በኩል ያለፈ ነው። ኪቦርዱ ከፋብሪካ ሲወጣ አንዱን ኦክታቭ በ12 እኩል ግማሽ ድምፆች ከፍሎ ይመጣል። ኦክታቩ 1,200 ሴንት በመሆኑ እያንዳንዱ ቁልፍ ከጎረቤቱ በ100 ሴንት ይርቃል። ቅኝቶቹ በእነዚህ ቁልፎች ሲወከሉ ሜጀር ትዝታ «ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ»፣ አምባሰል ደግሞ «ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት» ተብለው ይጻፋሉ። አጻጻፉ ለማስተማርና ለመግባባት ይጠቅማል፤ በልኬትነት ሲወሰድ ግን ያሳስታል። ለምሳሌ በ5 ለ4 ንጽጽር የሚገኘው ሦስተኛ ድምፅ 386 ሴንት ገደማ ሲሆን ኪቦርዱ የሚሰጠው 400 ሴንት ነው። ክራር ተጫዋቹ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመርጥ፣ ወይም ሁለቱንም ትቶ በሌላ ቦታ እንደሚያርፍ ኖታው አይናገርም።

ኪቦርድን መክሰስ ግን ፍትሐዊ አይሆንም። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን አኮርዲዮንን ከሙግ ሲንተሳይዘርና ከሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ ጋር አዋሕደው የቀዱት ሙዚቃ፣ የፋብሪካ መሣሪያ በባለሙያ እጅ ሲገባ ምን ያህል ሊናገር እንደሚችል ያሳያል። አንዳንድ የኪቦርድ ዓይነቶችም እያንዳንዱን ድምፅ በጥቂት ሴንት ከፍና ዝቅ ለማድረግ ይፈቅዳሉ። ቁም ነገሩ ያለው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ኪቦርዱ ሲገዛ የድምፆቹ ርቀት አስቀድሞ ተወስኖ ስለሚመጣ፣ ተጠቃሚው ይህ ርቀት ከየት እንደመጣ ለመጠየቅ የሚያስገድደው ነገር የለም። መሣሪያውን ከባዶ የሚሠራ ሰው ግን የመጀመሪያውን ድምፅ ካገኘ በኋላ ሁለተኛውን የት እንደሚያደርገው ካልወሰነ አንድ እርምጃ መሄድ አይችልም።

የመሣሪያው አሠራር

555 በሚል ቁጥር የሚታወቀው ቺፕ በሃንስ ካመንዚንድ ተነድፎ እ.ኤ.አ. በ1972 በሲግኔቲክስ ኩባንያ ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ ዛሬም በርካሽ ዋጋ ከሚገኙ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች አንዱ ነው። ካፓሲተሩ በሁለት ሬዚስተሮች በኩል ይሞላል፤ ቮልቴጁ የባትሪው ሁለት ሦስተኛ ሲደርስ ቺፑ በሁለተኛው ሬዚስተር በኩል ያራግፈዋል፤ ወደ አንድ ሦስተኛ ሲወርድ እንደገና ይሞላ ዘንድ ይለቀዋል። ይህ መሙላትና መራገፍ በሴኮንድ 220 ጊዜ ሲደጋገም ስፒከሩ 220 ሄርዝ ድምፅ ያሰማል። ሁለቱ ወሰኖች የባትሪው ክፍልፋዮች በመሆናቸው ባትሪው ሲደክም የድምፁ ጉልበት ይቀንሳል እንጂ ድግግሞሹ ብዙም አይለወጥም።

በመጀመሪያው ሬዚስተር ላይ የሁለተኛው እጥፍ ተደምሮ የሚገኘው መጠን «ጠቅላላ ተቃውሞ» ቢባል፣ ድግግሞሹ 1.44 ለጠቅላላ ተቃውሞውና ለካፓሲተሩ ብዜት ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ነው። ካፓሲተሩ 0.1 ማይክሮ ፋራድ ቢሆን ለ220 ሄርዝ 65.5 ኪሎ ኦም ገደማ፣ ለ330 ሄርዝ 43.6 ኪሎ ኦም፣ ለ440 ሄርዝ 32.7 ኪሎ ኦም ጠቅላላ ተቃውሞ ያስፈልጋል። እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ለሙዚቃ ተማሪ እንግዳ ሊሆኑ አይገባም። ተቃውሞው በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ አንድ ኦክታቭ ይወጣል፤ ወደ ሁለት ሦስተኛ ሲቀንስ አምስተኛው ድምፅ ይገኛል። የማሲንቆ ተጫዋች አውታሩን በጣቱ ግማሽ ላይ ወይም ሁለት ሦስተኛ ላይ ሲይዝ የሚሆነውም ይኸው ነው። በዚህ መሣሪያ ውስጥ ተቃውሞ የአውታርን ርዝመት ቦታ ይይዛል፤ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪውና የማሲንቆ ተጫዋቹ ሳያውቁት አንድ ሕግ ይጠቀማሉ ማለት ነው።

አሠራሩ አዲስ ግኝት አይደለም። ብራያን ጃርቪስ እ.ኤ.አ. በ1967 በእንግሊዝ አገር የፈለሰፈው ስታይሎፎን በተመሳሳይ ሐሳብ የሚሠራ ሲሆን፣ ተጫዋቹ በእስክሪብቶ መሰል ዘንግ የብረት ቁልፎችን ሲነካ እያንዳንዱ ቁልፍ ኦሲሌተሩን ከተለየ ሬዚስተር ጋር ያገናኘዋል። ለቅኝት ጥናት የሚሆነው መሣሪያ ከ12 ቁልፎች ይልቅ ስድስት ይበቁታል፤ እነዚህም አምስቱ የቅኝቱ ድምፆችና የመጀመሪያው ድምፅ ኦክታቭ ናቸው። ይህም ስድስት አውታር ካለው ክራር ጋር ይመሳሰላል። ስድስት የቆርቆሮ ቁራጮች በጣውላ ላይ ይመታሉ፤ ከእያንዳንዱ ቁራጭ ጋር አንድ የ15 ኪሎ ኦም ቋሚ ሬዚስተርና አንድ የ20 ኪሎ ኦም ተለዋዋጭ ሬዚስተር በተከታታይ ይበየዳሉ። የመጀመሪያው ሬዚስተር 1 ኪሎ ኦም ሆኖ ለሁሉም የጋራ ነው። በዚህ አደራደር እያንዳንዱ ቁልፍ ከአንድ ኦክታቭ በጥቂቱ የሚሰፋ ክልል ይኖረዋል። አዲስ አበባ ውስጥ በመርካቶ ምናለሽ ተራ ወይም በየሰፈሩ ባሉ የራዲዮ ጠጋኞች ዘንድ ከተጣሉ ራዲዮኖች ስፒከሩን፣ ሽቦውንና ካፓሲተሩን ማግኘት ይቻላል።

ወደ ማሲንቆ ይበልጥ የሚቀርብ ሌላ መንገድም አለ። በወረቀት ላይ በለስላሳ እርሳስ ተደጋግሞ የተሰመረ ወፍራም መስመር ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ መስመሩ በእኩል ውፍረት ከተሰመረ ተቃውሞው ከርዝመቱ ጋር ይጨምራል። የሽቦው ጫፍ በመስመሩ ላይ ሲንሸራተት ድምፁም ሳይቋረጥ ይንሸራተታል። የእርሳስ መስመር በእጅ ግፊትና በወረቀቱ ሸካራነት ስለሚለዋወጥ ለልኬት አይታመንም፤ የተቃውሞንና የአውታርን ዝምድና በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ለጆሮ ለማሳየት ግን በርካሽነቱ ተወዳዳሪ የለውም።

የርካሽ ዕቃ ያልተጠበቀ ጥቅም

እንዲህ ባለ መሣሪያ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ትችት ክፍሎቹ ትክክለኛ አይደሉም የሚለው ነው። ትችቱ እውነት ነው። 10 በመቶ የስሕተት ወሰን ያለው ካፓሲተር ድምፁን እስከ 182 ሴንት ገደማ፣ ማለትም ከአንድ ተኩል ግማሽ ድምፅ በላይ ሊያዛንፈው ይችላል። 5 በመቶ ወሰን ያለው ሬዚስተርም 84 ሴንት ገደማ ያዛንፋል። በጽሑፉ ላይ ባለው ቁጥር ብቻ ተማምኖ የሚሠራ ተማሪ ቅኝት የሌለው መሣሪያ ይዞ ይቀራል።

ሁለቱ ስሕተቶች ግን አንድ ዓይነት አይደሉም፤ የሐሳቡ እምብርትም እዚህ ላይ ነው። ካፓሲተሩ ለስድስቱም ድምፆች የጋራ በመሆኑ ስሕተቱ ሁሉንም በእኩል ንጽጽር ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋቸዋል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት አይነካም። የካፓሲተሩ ጠባይ በሙቀት ቢለወጥም ውጤቱ ይኸው ነው። ርቀቱን የሚወስኑት ሬዚስተሮቹ ብቻ ናቸው። ክራር ተጫዋች የመነሻውን ድምፅ ለዘፋኙ እንደሚመች ከፍና ዝቅ አድርጎ ሲቃኝ ቅኝቱ ያው እንደሚሆን ሁሉ፣ እዚህም የድምፁ ከፍታ በካፓሲተሩ፣ ቅኝቱ በሬዚስተሮቹ ውስጥ ተለያይተው ይቀመጣሉ። ኪቦርድ ላይ ተቀላቅሎ የሚታየው ነገር በዚህ ተራ ዑደት ውስጥ በሁለት ክፍሎች ተከፍሎ በእጅ ይዳሰሳል።

የሬዚስተሮቹን ስሕተት ደግሞ ማረም የሚቻለው እያዳመጡ በማዞር ነው። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ በ5 ለ4 ንጽጽር በሚገኘው ሦስተኛ ድምፅና በፒያኖው ሦስተኛ ድምፅ መካከል ያለው ልዩነት በሁለተኛው ሬዚስተር ላይ 200 ኦም ገደማ ብቻ ነው። ይህ የተለዋዋጩ ሬዚስተር ክልል መቶኛ፣ በጣት ሲዞር በጭንቅ የሚታይ እንቅስቃሴ ነው። ዓይን ሊፈርድበት አይችልም፤ ጆሮ መፍረድ ይኖርበታል። የዕቃው ርካሽነት ሠሪውን ወደ ቃኚነት ይገፋዋል።

ከመጫወቻ ወደ መለኪያ

የምርምር ዘዴው ከዚህ ይነሣል። መሣሪያው በቅኝት ዐዋቂው ፊት ይቀመጣል። ተመራማሪው ስድስቱንም ተለዋዋጭ ሬዚስተሮች ያለ ሥርዓት አዟዙሮ ያስረክባል። ባለሙያው ለምሳሌ «አንቺሆዬ ያድርጉልኝ» ተብሎ ሲጠየቅ እያንዳንዱን ድምፅ ጆሮው እስኪያምን ድረስ ያስተካክላል። ባትሪው ተነቅሎ የየቁልፉ ተቃውሞ በመልቲሜትር ይለካል፤ ከጠቅላላ ተቃውሞዎቹ ንጽጽር የድምፆቹ ርቀት በሴንት ይሰላል። የመልቲሜትሩ ስሕተት በሁሉም ልኬት ላይ በእኩል መቶኛ እስከሆነ ድረስ በንጽጽሩ ውስጥ ይጠፋል፤ ለማመሳከር ደግሞ ድግግሞሽ የሚያሳይ የስልክ መተግበሪያ መጠቀም ይቻላል።

ሂደቱ በተለያዩ ቀናት ሲደጋገም ሌላ መረጃ ይሰጣል። ባለሙያው አንድን ድምፅ በእያንዳንዱ ቀን በተቀራራቢ ቦታ ላይ ካሳረፈው ቦታው በጆሮው ውስጥ የጸና ነው፤ ሌላውን ድምፅ በሰፊ ክልል ውስጥ ካዘዋወረው ደግሞ ቅኝቱ በዚያ ቦታ ነጻነት ይሰጣል ማለት ይሆናል። በቀረጻ ላይ ብቻ የተመሠረተ ጥናት የተጫዋቹን ሐሳብና የጣቱን መንሸራተት ለመለየት ይቸገራል፤ አውታር ሊላላ፣ ጣት ሊስት ይችላል። ባለሙያው ተረጋግቶ እያስተካከለ ሲወስን ግን የሚገኘው የጆሮው ፍርድ ነው። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል፤ ይህ ዘዴ ባለቤቱንና ጆሮውን በጥቂቱም ቢሆን ያስተዋውቃል።

ከአንድ አካባቢ የመጡ ሦስት ተጫዋቾች በአንድ ቅኝት ይስማማሉን? የክራርና የማሲንቆ ተጫዋቾች አንድን ቅኝት በአንድ ዓይነት ይቃኛሉን? በኪቦርድ ያደጉ ወጣቶች ከነባሮቹ ይለያሉን? እነዚህ ጥያቄዎች እያንዳንዳቸው ለአንድ የማስተርስ ጽሑፍ ይበቃሉ፤ ለአንዳቸውም ከውጭ አገር የሚመጣ ውድ መሣሪያ አያስፈልጋቸውም።

ሊነሡ የሚችሉ ጥያቄዎች

በዚህ ዘመን ኮምፒዩተር እያለ ለምን ብየዳ ያስፈልጋል የሚል ሰው ይኖራል። በትክክለኛነት ረገድ ኮምፒዩተሩ እንደሚበልጥ መካድ አይቻልም፤ በማያ ገጹ ላይ የሚንሸራተት መቆጣጠሪያ በመሥራትም ተመሳሳይ ጥናት ማካሄድ ይቻላል። በእጅ የተሠራው መሣሪያ የሚመረጥባቸው ምክንያቶች ሌሎች ናቸው። መብራት በሌለበት ቦታ በባትሪ ይሠራል፤ ባለሙያው ካለበት መንደር ድረስ በቦርሳ ይጓዛል፤ ለባለሙያው ተትቶለት ቢቀርም ጉዳቱ ትንሽ ነው። ከሁሉም በላይ ተማሪው ከባትሪው እስከ ስፒከሩ ድረስ የማያውቀው ክፍል ስለማይኖር፣ ውጤቱ አጠራጣሪ ሲሆን ስሕተቱን ፈልጎ ለማግኘት ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል። የ555 ድምፅ ሸካራና በተደራቢ ድምፆች የተሞላ ነው፤ የድምፅ ቀለም ደግሞ ጆሮ በርቀት ላይ የሚሰጠውን ፍርድ ሊለውጥ ይችላል። ባለሙያው በማያውቀው ቀለም ሲቃኝ የሚሰጠው ውጤት በክራሩ ላይ ከሚሰጠው ሊለይ ይችላል። በመሆኑም በመሣሪያው የተገኘ ልኬት ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይገባም፤ ባለሙያው በዚያው ቀን በገዛ መሣሪያው ከተጫወተው ቀረጻ ጋር መነጻጸር አለበት። ሁለቱ ከተለያዩ ልዩነቱ ራሱ ሊጠና የሚገባው ግኝት ነው። ሸካራነትን በተመለከተ ግን የኢትዮጵያ ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ በገና ላይ አውታሩ በሚያርፍበት ቦታ የሚገባው ቁራጭ ቆዳ ሆን ተብሎ የድምፁን እዝታ ለማምጣት የሚደረግ ነው።

ሌላው ገደብ መሣሪያው በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ማሰማቱ ነው። ሁለት ድምፆች አብረው ሲሰሙ የሚወለደውን መግባባት ለማጥናት ሁለት ተመሳሳይ መሣሪያዎች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ያልተቀጠለ ዝምድና

የሙዚቃ መሣሪያና የላቦራቶሪ መሣሪያ ዝምድና የቆየ ነው። ሩሲያዊው የፊዚክስ ሊቅ ሌቭ ቴርሚን እ.ኤ.አ. በ1920 አካባቢ በስሙ የሚጠራውን፣ እጅ ሳይነካው የሚጫወቱትን መሣሪያ ያገኘው ለመለኪያ የሚሆን ዑደት ሲሠራ ነበር። ሮበርት ሙግ ደግሞ ወደ ሲንተሳይዘር ሥራ ከመግባቱ በፊት ገና በወጣትነቱ ይህንኑ ቴርሚን በቤቱ እየሠራ ይሸጥ ነበር።

ለአዲስ አበባ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የሃሊም ኤል ዳብ ታሪክ ነው። ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1944 በካይሮ በተዋሰው የሽቦ መቅረጫ የዛር ሥነ ሥርዓትን ድምፅ ቀርጾ፣ ድምፁን በስቱዲዮ ውስጥ በማሚቶና በዳግም ቀረጻ ለውጦ ከዓለም ቀደምት የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሥራዎች አንዱን አበረከተ። በኋላም በኒውዮርክ በኮሎምቢያ ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ሠርቷል። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል፤ ክራር፣ ማሲንቆ፣ በገናና ዋሽንት ተጫዋቾችን በአንድ መድረክ ያሰባሰበውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያንም መሥርቷል። ኤሌክትሮኒክስና ነባር የሙዚቃ መሣሪያ በአንድ ሰው ሥራ ውስጥ ጎን ለጎን ኖረዋል፤ ያ ሰውም በዚህ አገር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቆሞ አስተምሯል። ከዚያ ወዲህ ከስድሳ ዓመት በላይ አልፏል። ሁለቱን መስኮች ዳግም ለማገናኘት እጅግ ርካሹ ድልድይ አንድ ቺፕና ስድስት ተለዋዋጭ ሬዚስተሮች ናቸው።

ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ የሙዚቃና የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ወይም የፊዚክስ ትምህርት ክፍሎች አንድ የጋራ የተግባር ኮርስ ሊከፍቱ ይገባል። ኮርሱ የሁለቱን ወገን ተማሪዎች ሁለት ሁለት አድርጎ ያቀናጃል፤ ጥንዶቹ በአንድ ሴሚስተር ውስጥ አንድ መሣሪያ ሠርተው፣ በአንድ ቅኝት ቃኝተው፣ የዑደቱን ንድፍና የርቀቶቹን ሠንጠረዥ ያስረክባሉ።

በሁለተኛ ደረጃ ከዑደት ንድፉና ከልኬት መዝገቡ ጋር የቀረበ መሣሪያ እንደ ማስተርስ ጽሑፍ አካል ተቀባይነት ሊያገኝ ይገባል። ዛሬ «የላቦራቶሪ ዕቃ የለም» በሚል ምክንያት የሚታጠፉ የምርምር ርዕሶች አሉ። ምክንያቱ በብዙ መስክ እውነት ነው፤ በዚህ መስክ ግን ሰበብ ሆኖ መቀጠል የለበትም።

በሦስተኛ ደረጃ የቅኝት ዐዋቂው ሚና በግልጽ መታወቅ አለበት። በዚህ ዘዴ ውስጥ የመለኪያው ትክክለኛነት የተመሠረተው በቃኚው ጆሮ ላይ ነው። ስለሆነም አዝማሪው ወይም የበገና መምህሩ ፈቃዱ ተጠይቆ፣ ለጊዜው ተገቢ ክፍያ አግኝቶ፣ ከፈለገም ስሙ በሥራው ላይ ተጠቅሶ ሊሳተፍ ይገባል። ተመራማሪው ሬዚስተር ይለካል፤ ድምፁ የት እንደሚያርፍ የሚወስነው ቃኚው ነው።

ይህ ሥራ ጊዜ አይሰጥም። መሣሪያውን አሥር ዓመት ዘግይቶ መሥራት ይቻላል፤ ቺፑም ሬዚስተሩም ያኔም በገበያ ላይ ይኖራሉ። ተለዋዋጩን ሬዚስተር አዙሮ «እዚህ ላይ ተወው» የሚለው ሽማግሌ ግን ላይኖር ይችላል።